የጓሮው ባልጩት

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መልካ ቁንጥሬ አጠገብ፣ ባልጩት የምትባል መንደር አለች። ጓሮው ሁሉ ጥቁር የጠርሙስ ስባሪ የፈሰሰበት ይመስላል። ጠርሙስ አይደለም፤ ቶሎ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ዓለት ነው። የመንደሯም ስም ከዚሁ ድንጋይ የመጣ ነው።

ቀደምቶቻችን ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት እየጠረቡ መቁረጫ አድርገውታል። መልካ ቁንጥሬን እ.ኤ.አ. በ1963 ሆላንዳዊው ዴከር ለጥናት አስተዋወቀ፤ በ2024 ደግሞ ከባልጩት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

እኛ ከተሜዎች ለሽርሽር ሄደን አንዱን ብናነሳ በምን እንለየዋለን? ጠርዙ ላይ ተከታትለው የተፈነቀሉ ጠባሳዎች ካሉ፣ የሰው እጅ ሳያርፍበት አልቀረም። ዕድሜውን የሚናገረው ግን የተቀበረበት አፈር ነው። ኪሳችን ከከተትነው ድንጋዩ ይከተለናል፤ ታሪኩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ እንየው፣ ፎቶ እናንሳው፣ ከቦታው ግን አናንቀሳቅሰው።