ሕገ መንግሥቱ ያላሰባቸው ፓርቲዎች

እ.ኤ.አ. በ1787 በፊላዴልፊያ የተረቀቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ፖለቲካ ፓርቲ አንዲትም ቃል አይናገርም፤ አርቃቂዎቹ አንጃን፣ ማለትም የራሱን ጥቅም ከሕዝብ ጥቅም የሚያስቀድምን ቡድን፣ ሪፐብሊክን የሚያፈርስ ደዌ አድርገው ይመለከቱት ነበርና። ይሁን እንጂ ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ አገሪቱን ለሁለት የከፈሏትን ፓርቲዎች ያቋቋሙት ከእነዚሁ አርቃቂዎች መካከል የነበሩ ሰዎች ናቸው።

የመለያየቱ መነሻ ዕዳ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን በ1790 ግዛቶቹ ለነጻነት ጦርነቱ የተበደሩትን ገንዘብ ማዕከላዊው መንግሥት ጠቅልሎ እንዲከፍል ሐሳብ ሲያቀርብ፣ የራሷን ዕዳ በአብዛኛው ያቃለለችው ቨርጂኒያ የሌላውን ሸክም ልትጋራ ሆነ፤ በደመወዝ ፈንታ የተሰጣቸውን የዕዳ ሰነድ ቸግሯቸው በርካሽ የሸጡ የቀድሞ ወታደሮችም ምንም ሳያገኙ፣ ትርፉ ሰነዱን ለገዙት ነጋዴዎች የሚሄድ ሆነ። ከሃሚልተን ጋር ለሕገ መንግሥቱ መጽደቅ ብዕሩን ያነሣው ጄምስ ማዲሰን በዚህ ጊዜ ተቃዋሚው ሆኖ ተነሣ፤ ቅሬታውም በቂ ምክንያት ነበረው። ዋና ከተማዋ በፖቶማክ ወንዝ ዳር እንድትቆረቆር በመስማማት ዕቅዱ ቢጸድቅም፣ በ1791 ዐሥር ሚሊዮን ዶላር ካፒታል ያለው ብሔራዊ ባንክ ሲቋቋም ጠቡ ታደሰ።

ልዩነቱን ከምክር ቤት አውጥቶ ወደ ሕዝብ ያደረሰው ጋዜጣ ነው። የሃሚልተን ወገን የጆን ፌኖ ጋዜጣ ነበረው፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቶማስ ጀፈርሰን ደግሞ ባለቅኔውን ፊሊፕ ፍሬኖን በዓመት 250 ዶላር በመሥሪያ ቤቱ ተርጓሚነት ቀጥሮ ተቃዋሚ ጋዜጣ እንዲያሳትም አመቻቸለት፤ መንግሥትን የሚነቅፍ ጋዜጠኛ ከዚያው መንግሥት ካዝና ይከፈለው ነበር ማለት ነው። ከእንግሊዝ ጋር የተደረገውን የጄይ ውል ሴኔቱ በ1795 በ20 ለ10 ድምፅ ሲያጸድቅ፣ የሃሚልተን ፌዴራሊስቶችና የጀፈርሰን ሪፐብሊካኖች (በ1854 ከተመሠረተው የዛሬው ሪፐብሊካን ፓርቲ የተለዩ ናቸው) በየከተማው አደባባይ ተፋጠጡ። ፌዴራሊስቶቹ በ1798 ባወጡት የአድመኝነት ሕግ ተቃዋሚ አዘጋጆችን ማሰራቸው የዘመኑ ከባድ በደል ሲሆን፣ ተቀናቃኞቻቸውን ይበልጥ አጠናከረ እንጂ አላዳከመም።

በ1800 ምርጫ የሕጉ ክፍተት ገሃድ ወጣ። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው እያንዳንዱ ወኪል፣ የትኛው ለፕሬዚዳንት የትኛው ለምክትል እንደሆነ ሳይለይ ሁለት ድምፅ ይሰጥ ስለነበር፣ የሪፐብሊካን ወኪሎች በአንድ ልብ ሲመርጡ ጀፈርሰንና ምክትሉ እንዲሆን የታሰበው አሮን በር እኩል 73 ድምፅ አገኙ፤ የተወካዮች ምክር ቤትም ጀፈርሰንን የለየው በየካቲት 1801፣ በ36ኛው ዙር ነው። ሁለቱ ድምፆች ተለይተው እንዲሰጡ ያዘዘው 12ኛው ማሻሻያ በ1804 ጸደቀ፤ ማሻሻያውን ግድ ያደረጉት ፓርቲዎች ቢሆኑም፣ ስማቸው በዚያም አልተጻፈም።