ድሃው የተናገረበት ቀን

በ1953 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ማብቂያ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዓመታዊ በዓሉን ሲያከብር፣ ታምሩ ፈይሳ የሚባል ተማሪ አንድ ግጥም ይዞ መድረክ ወጣ። ርእሱ «ድሃው ይናገራል» ነበር። ድሃ በአማርኛ ሲታዘንለት፣ ሲለመንለት፣ በተረትና በምሳሌ ሲነሣ ኖሯል። በታምሩ ግጥም ውስጥ ግን ድሃው ራሱ አፍ አውጥቶ ኑሮውን ይዘረዝራል። የሚያዳምጡት ደግሞ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ሹሙና ለበዓሉ ብሎ የመጣው የከተማ ሰው ናቸው።

በዓሉን «የኮሌጅ ቀን» ይሉት ነበር። የስፖርት ውድድርና የጨዋታ ቀን ነበር፤ ጃንሆይ አፄ ኃይለ ሥላሴም ይገኙበት ነበር። በ1950ዎቹ መባቻ የግጥም ውድድር ታከለበትና ከዚያ ወዲያ ሰው ስለ ሩጫው ማውራቱን ትቶ ዘንድሮ ማን ምን አለ ይል ጀመር።

ኮሌጁ አራት ኪሎ ላይ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ኃላፊ ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ናቸው። ሆኖም በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በካቶሊክ እምነት ሰበብ የፈሰሰው ደም ያልተረሳበት አገር ነውና የካህን ልብሳቸውን ሳይለብሱ እንደ ማንኛውም መምህር በሙሉ ልብስ ያስተምሩ ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር። ከቅጥሩ ውጪ ያለው ሰው ልጁ ምን እየተማረ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የግጥሙን ቀን ከሌላው ሁሉ የማስበልጠው በዚህ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው ኮሌጅ በዓመት አንድ ቀን ለከተማው ሰው በገዛ ቋንቋው ተናገረ።

ይህ መድረክ ከባዶ አልተነሣም። የቅኔ ተማሪ ሌሊቱን ሲቆጥር አድሮ በማለዳ ከሕዝብ ፊት ቆሞ ቅኔውን ያወርዳል፤ የሰመረለት እንደሆነ «ይበል!» ይባላል። ንጉሥ ባለበትም ቅኔ ይዘረፍ፣ ውዳሴ በሚመስል ሰም ተግሣጽ የሆነ ወርቅ ይቀበር ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ልጆች ሰሙን ጣሉት። ወርቁን ራቁቱን አወጡት። አንድ ነገር በቅኔ ሲባልና በግላጭ ሲባል ያለውን ልዩነት ለማየት ያ ቀን ምን ዓይነት ዓመት ላይ እንደዋለ ማስታወስ ይበቃል።

ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ ግርግር፣ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሥተው ነበር። የኮሌጁ ተማሪዎች ለሙከራው ድጋፍ ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ታግተው የነበሩ መኳንንት፣ ራስ አበበ አረጋይንና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ፣ በጥይት ተደበደቡ። ታምሩ «ድሃው ይናገራል» ብሎ ሲያነብ የዚያ ጥይት ጩኸት ከሰሚው ጆሮ አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚገርመኝ። ጃንሆይ ያንኑ ገነተ ልዑልን ለትምህርት ሰጡና ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ስድስት ኪሎ ተመረቀ። ግጥሙም ኮሌጁን ተከትሎ ቤተ መንግሥት ገባ። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ በጃንሆይ ስኮላርሺፕ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎች ነበሩና ነፃነታቸውን ሊጎናጸፉ የተቃረቡ አገሮች ወሬ በየመኝታ ቤቱ ይወራ ነበር። በ1955 ዓ.ም. አዳሪነቱ ቀረ፤ ተማሪው ከተማው ውስጥ ተበተነ። ግጥሙ ግን አልቆመም። በ1958 ዓ.ም. ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ያ ጥያቄ ከመድረኩ ከወረደ ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ዛሬም ሲነሣ ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

ስድስት ኪሎ የግጥም ብቻ መድረክ አልነበረም። ዛሬ የባህል ማዕከል የምንለው የዚያን ጊዜው የኪነ ጥበባት ማዕከል ውስጥ፣ ካይሮ የተወለደው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል-ዳብ በ1955 ዓ.ም. ገደማ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። አባላቱ እስከ ሠላሳ የሚደርሱ፣ ከየብሔረሰቡ የመጡና ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አብረው ተጫውተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ።

የዚህን ሥራ ክብደት የሚያውቅ ክራር ሲቃኝ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው። ክራር ደርዳሪ አንገቱን ደፍቶ፣ አንዷን ጅማት ጠበቅ፣ ሌላዋን ላላ እያደረገ፣ ከራሱ ድምፅ ጋር እስክትገጥም ይፈልጋታል። ዛሬ ድምፁ ከዘጋው ዝቅ ያደርጋታል፤ የሚቆጣጠረው የለም። መሲንቆም ባለ አንድ ጅማት ነውና እንደ ባለቤቱ ጉሮሮ ይሆናል። ዋሽንት ግን አይለመንም። ሸንበቆው አንዴ ተቆርጦ አራቱ ቀዳዳዎች ከተበሱ በኋላ ድምፁ ያው ነው፤ ለዚህ ነው ዋሽንት ነፊ አጭርም ረጅምም ዋሽንት ይዞ የሚዞረው። እምቢልታ ደግሞ ጭራሽ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ ካልነፉት ዜማ አይሆንም። እነዚህን በአንድ መድረክ አስቀምጦ አንድ ድምፅ ማስያዝ ማለት ዕድሜውን ለብቻው የኖረ አዝማሪ ለጎረቤቱ ሲል ቅኝቱን እንዲተው ማሳመን ነው። ሐሊም በ1956 ዓ.ም. ገደማ ሲሄድ ኦርኬስትራውን አሜሪካዊው የሰላም ጓድ አባል ጆን ኮ፣ ከዚያም የዜማ ደራሲው ተስፋዬ ለማ ተረከቡት። በ1961 ዓ.ም. ተጫዋቾቹ አሜሪካን ዞረው በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ታዩ። ተስፋዬ በኋላ ኑሮውን ዋሽንግተን አድርጎ እዚያው አረፈ።

ወደ ኮሌጁ ግጥሞች ልመለስና፣ ከሁሉም ረጅም ዕድሜ ያገኘው የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም» ይመስለኛል። ገሞራው በሚለው የብዕር ስሙ የምናውቀው ይህ ሰው ከቤተ ክህነት ትምህርት የመጣ ነበር። ግጥሙ በ1959 ዓ.ም. ሲሰማ፣ ዓለም የሚያደንቃቸውን ፈልሳፊዎችና ጠቢባን በየተራ እየጠራ ይረግማል፤ ግኝታቸው የሰውን ልጅ እኩል ካላደረገ ለምን ተፈለገ ይላል። መጽሐፍ ሆኖ የታተመው ከዓመታት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በሰው አፍና በእጅ ጽሑፍ ኖረ። እርግማን በሥርዓት መደርደር የደብተራ ችሎታ ነው፤ ገሞራው ያንን ችሎታ ይዞ ከቅኔ ማሕሌት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ። በኋላ ቻይና ሄዶ ተማረ፤ በ2007 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ በስደት ሞተ።

በ1967 ዓ.ም. ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ሲላክ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ኦርኬስትራውም በዚያው ሰሞን ተበተነ።

ያን ጊዜ ግጥም ለመስማት ወደ ስድስት ኪሎ ይመጣ የነበረ ሰው ከበሩ ፊት ለፊት የየካቲት 12ን ሐውልት ያይ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ የከተማውን ድሆች የሰበሰበው በዚሁ በገነተ ልዑል ግቢ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ሲጥሉበት መትረየሱ በቅድሚያ የዞረው እጃቸውን ለምጽዋት በዘረጉት ላይ ነው። የወደቁት በሐውልቱ ዙሪያ ተቀርጸው ይታያሉ፤ ሰሚው በእነሱ አጠገብ አልፎ ነበር ወደ አዳራሹ የሚገባው።