የጓሮ አትክልትን ከዘር ማፍላት

የጓሮ አትክልትን ከዘር ማፍላት ማለት ቅጠላ ቅጠልን፣ ቅመምን ወይም አበባን በግቢ፣ በበረንዳ ወይም በመስኮት አጠገብ ከዘር አብቅሎ ማድረስ፣ ከዚያም ከምርጡ ተክል ለከርሞ የሚሆን ዘር ማስቀረት ነው። የመጨረሻው ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዘሩን በየዓመቱ ከሱቅ የሚገዛ ቤተሰብ ግን ሥራውን እስከ ግማሽ ብቻ ነው የሠራው። በኢትዮጵያ ገጠር ዘር መምረጥና ማስቀመጥ በአብዛኛው የሴቶች ሙያ ሆኖ ቆይቷል፤ የማሽላው ዛላና የበቆሎው ራስ ጢስ እንዲያገኘው ከምድጃ በላይ ይሰቀላል፣ የጎመኑና የቅመሙ ዘር በቅል ተከድኖ ወይም በጨርቅ ተቋጥሮ ደረቅ ቦታ ይቀመጣል።

ዘር ሕይወት ያለው ሽልና የሽሉን ስንቅ ይዟል። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ በውስጡ ያለው ስታርች፣ ዘይትና ፕሮቲን እየተፈታ ለሽሉ ምግብ ይሆናል፤ መጀመሪያ ሥር፣ ቀጥሎ ቡቃያ ይወጣል። ለዚህ እርጥበት፣ አየርና ተስማሚ ሙቀት ያስፈልጋል። አየር የሚያስፈልገው ዘሩ ስለሚተነፍስ ነው፤ ውሃ የቋጠረ አፈር ውስጥ የተዘራ ዘር የሚበሰብሰውም ለዚህ ነው። ሙቀቱ እንደየተክሉ ይለያያል። ጎመን በደጋ ቅዝቃዜም ቢሆን በሳምንት ገደማ ብቅ ይላል። ቃሪያና በርበሬ ግን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ አፈር ይወዳሉ፤ በቀዝቃዛ አፈር ሦስት ሳምንትም ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ በደጋ የተዘራበትን ዕቃ እስኪበቅል ድረስ በላስቲክ መሸፈን ይጠቅማል። ሰላጣ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ በደንብ አይበቅልም፣ ብርሃንም ስለሚፈልግ አፈሩ እምብዛም ሊጫነው አይገባም።

በአገራችን የችግኝ ጣቢያዎች የተለመደው የአፈር ድብልቅ ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ለቤት ሥራ የተቆረጠ ጀሪካን፣ የዘይት ቆርቆሮ ወይም የውሃ ፕላስቲክ ይበቃል፣ ከሥሩ ተበስቶ ውሃ ማሳለፍ እስከቻለ ድረስ። ዘሩ ከውፍረቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ባልበለጠ ጥልቀት ይቀበራል። እንደ በሶብላ ያለው ደቃቅ ዘር ላዩ ላይ ተበትኖ ስስ አፈር ይነሰነስበታል። ድንብላል የተለየ ነው፤ ዘር የምንለው ድቡልቡል ፍሬ በውስጡ ሁለት ዘር ስላለው፣ በመዳፍ ቀስ ብሎ አሽቶ ለሁለት መክፈል ይረዳል።

ችግኝን ከሁሉ በላይ የሚገድለው የእርጥበት ብዛት ነው። ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ የተባሉ በአፈር የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ግንዱን ከአፈሩ ወለል ላይ ያበሰብሱታል፤ ማታ ቆሞ የታየ ቡቃያ ጠዋት ተኝቶ ይገኛል። ከወደቀ በኋላ መድኃኒት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ሳስቶ መዝራት፣ ጠዋት ማጠጣት፣ ነፋስ እንዲያገኘው ማድረግ፣ ያልበሰለ ፍግ አለመጠቀም ይሻላል። ችግኙ ወደ መደብ ከመዛወሩ በፊት አንድ ሳምንት ያህል ጥላው እየተቀነሰለት ፀሐይና ነፋስ ይለማመዳል፤ የሚዛወረውም አመሻሽ ላይ ነው። ካሮት ግን መዛወር አይወድም፤ ሥሩ ስለሚጣመም ከመጀመሪያው በቦታው ይዘራል።

ለኢትዮጵያ ጓሮ ከሁሉ የተስማማው የሐበሻ ጎመን ነው። ይህ ተክል ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን በተፈጥሮ የተዳቀለ ሲሆን፣ መገኛው የኢትዮጵያ ደጋ እንደሆነ ይታመናል። ዝምድናቸውን በ1935 እ.ኤ.አ. ያስረዳው ኮሪያዊ አባት የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ዉ ጃንግ ቹን ነው፤ የሰናፍጩ 8 ጥንድ እና የጥቅል ጎመኑ 9 ጥንድ ክሮሞዞም ተደምረው የሐበሻውን ጎመን 17 ጥንድ እንደሰጡት አሳየ። ቅጠሉ ከታች እየተቀነጠበ ለወራት ይበላል። ሲያረጅ ቢጫ አበባ አውጥቶ ፍሬ ይይዛል፤ ዘሩም ዘይታም ስለሆነ ተወቅጦ የእንጀራ ምጣድ ይታሰስበታል። ይህ ጎመን ለማበብ ረጅም ብርድ አይጠይቅም። ጥቅል ጎመንና የአውሮፓ ካሮት ግን ሳምንታት የሚቆይ ብርድ ካላገኙ ስለማያብቡ፣ በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ዘራቸውን በጓሮ ማስቀረት ያስቸግራል፤ የሚዘራውም በአመዛኙ ከውጭ የሚገባ ነው።

የቀን ርዝመትም እንዲሁ ነው። ከሰሜን አውሮፓ የመጣ የሽንኩርት ዘር ኮረት ለመያዝ ከ14 ሰዓት የበለጠ የቀን ብርሃን ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ያ ሽንኩርት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቦምቤ ሬድን የመሰሉ ዝርያዎች በኢትዮጵያ የተስፋፉት ባጭር ቀን ኮረት ስለሚይዙ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ሥዕል ከማማሩ ይልቅ ዘሩ ለየትኛው አገር እንደተዘጋጀ መጠየቅ ይበልጣል።

ዘር ለማስቀረት ጤናማውና ብርቱው ተክል ምልክት ይደረግበትና ሳይበላ ይተዋል። ጎመንን ንብ ስለሚያዳቅለው ከአንድ ሳይሆን ከብዙ እግር መሰብሰብ ይገባል። ቲማቲም አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ያዳቅላል፤ ዘሩ ከነጭማቂው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከቦካ በኋላ ታጥቦ በጥላ ይደርቃል። ማሸጊያው ላይ ኤፍ ዋን የሚል የተጻፈበት ድቅል ዘር ግን ልጁ እናቱን ስለማይመስል ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ኮሰረት፣ ጦስኝና የሥጋ መጥበሻ በቅርንጫፍ፣ ጠጅ ሳር በጉንድሉ ቢባዙ ይፈጥናል። ከአበቦች ሱፍና አደይ አበባ ከዘር በቀላሉ ይመጣሉ።

የአገር ዘር በመንግሥት ደረጃ መጠበቅ የጀመረው በ1976 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በጀርመን ድጋፍ በተቋቋመው የዘር ማዕከል ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅም እየተዘራ መቆየት አለበት ብለው የሠሩ ሳይንቲስት ነበሩ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በሶብላና ጎመን በማሰሮ ያሳድጋሉ። ወደ አሜሪካ የሚዘራ ዘር ይዞ ለመግባት የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ወይም ከግብርና መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ የተገኘ ፈቃድ ያስፈልጋል። በዋሽንግተን አካባቢ ብርድ የማይችለው በሶብላ ውርጩ አልፎ አፈሩ ሲሞቅ፣ በግንቦት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ቤት ውስጥ የሚፈላው ከዚያ ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው።

የተቀመጠ ዘር ዕድሜ አለው። የጎመንና የቲማቲም ዘር ደርቆ ከተቀመጠ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይበቅላል፤ የሽንኩርት ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት እምብዛም አያልፍም። ጥርጣሬ ካለ አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መሞከር ነው፤ ከአምስት በታች ከበቀለ አብዝቶ መዝራት ያስፈልጋል። ከእናት ወይም ከአያት የተረፈ የዘር ቋጠሮ በቤታችሁ ካለ ለከርሞ አታቆዩት፣ ዘንድሮ ዝሩት።