የአስመራው የቅዱስ ቤተሰብ ኮሌጅና የቋንቋ በር

በአገራችን የግል ዩኒቨርሲቲ ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን አዲስ አበባና ከ1991 ወዲህ ያለው ዘመን ነው። ነገር ግን ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ተዋሕዳ በነበረችበት ጊዜ፣ በአስመራ ከተማ አንድ የግል ኮሌጅ ተከፍቶ ውሎ አድሮ ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ያ ቤት ፊቱን ወደ ውጭ ዓለም አዙሮ ሲቆም በሩን ለማን እንደ ከፈተ መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኮሌጁን በ1958 የመሠረቱት ኮምቦኒ የሚባሉት የካቶሊክ ደናግል ሲሆኑ፣ ስሙም «ሳንታ ፋሚልያ»፣ ማለት «ቅዱስ ቤተሰብ» ይባል ነበር። ሥራውን በመምራት ስማቸው የሚጠራው ሲስተር ማሪያኖራ ኦኒስ ናቸው። አስመራ በዚያን ጊዜ ብዙ የኢጣልያን ቤተሰብ የሚኖርባት፣ ሱቁም ፋብሪካውም ሲኒማውም በኢጣልያንኛ የሚጠራባት ከተማ ስለ ነበረች፣ የኮሌጁ የመጀመሪያ ዓላማ ተማሪዎችን ለኢጣልያ ዩኒቨርሲቲዎች ማዘጋጀት ነበር። ትምህርቱ በኢጣልያንኛ ይሰጥ ነበር፤ የትምህርቱ ዕውቅናም የተፈለገው ከኢጣልያ ነው።

በዚህ አኳኋን ኮሌጁ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ዓለም አቀፍ ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም መስኮቱ ወደ ባሕር ማዶ ሲከፈት፣ በሩ ወደ አገሩ ሕዝብ የተከፈተው በጠባቡ ነበር። በኢጣልያንኛ ያልተማረ ልጅ፣ ምንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ ሊገባበት አይችልም። በተለይም ከመካነ ሰላም ወይም ከሳይንት ደጋ የተነሣ ተማሪ፣ መንገዱን ሁሉ ተጉዞ አስመራ ቢደርስ እንኳ፣ ከግቢው ውጭ መቆሙ አይቀርም ነበር። በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበርና።

የኮሌጁን ታሪክ የለወጠው ዓመት 1964 ነው። በዚህ ዓመት በኢጣልያንኛ ከሚሰጠው ትምህርት ጎን ለጎን በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትምህርት ተጀመረ። ነገሩ ሲታይ የአስተዳደር ውሳኔ ብቻ ይመስላል፤ በሥራ ላይ ግን ከሁለተኛ መመሥረት አይተናነስም። ከዚያ ወዲያ በኤርትራም ሆነ በሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመ ወጣት ደጃፉን ለማንኳኳት ቻለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኮሌጁ የዩኒቨርሲቲ ማዕረግ ሲያገኝም፣ በኢጣልያንኛ ብቻ እንደ ቀረ የአንድ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ሳይሆን፣ ለሰፊ አገር እንደሚያገለግል ቤት ነው። በ1975 እንግሊዝኛ ብቸኛው የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ።

የግል ዘመኑ ከዚህ በኋላ ብዙ አልቆየም። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ዩኒቨርሲቲው ወደ መንግሥት አስተዳደር ተዛወረ። በ1990 ጦርነቱ ሲበረታ መምህራኑና ንብረቱ ወደ ባሌ፣ ወደ አጋርፋ ተወሰዱ፤ በ1991 ግን አስመራ ላይ እንደገና ተከፈተ። በኋላም የኤርትራ መንግሥት በየቦታው በከፈታቸው ኮሌጆች ተተክቶ ሥራውን አቆመ።

በአዲስ አበባ ደግሞ በ1991 የቋንቋ ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረው ዩኒቲ፣ በ1998 ኮሌጅ፣ በ2008 ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቅቷል። ልብ እንበል፦ ይህም ቤት የተነሣው ከቋንቋ ነው። በአስመራ ቋንቋ በር ጠባቂ ሆኖ ሲጀምር፣ በአዲስ አበባ ግን በሩን የሚያሻግር ትምህርት ሆኖ ጀመረ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ዓለም አዙረዋል፤ ልዩነቱ ከየት ቆመው እንዳዩ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ገጠመኝ ባነሣ አንባቢ እንደማይታዘበኝ ተስፋ አለኝ። ከቦረና መንደር ተነሥቼ ወደ አንድ የሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስገባ፣ በመጀመሪያው ዓመት መምህሩ የጠየቀውን አውቀው ነበር፤ የምመልስበት ቃል ግን አልነበረኝም። ከጎኔ የተቀመጠው የከተማ ልጅ ከእኔ ያነሰ እያወቀ ቀድሞ እጁን ያነሣ ነበር። ስለ ሳንታ ፋሚልያ ሳነብ ያ ዝምታ ትዝ አለኝ።

ከሩቅ ዓለም ጋር መነጋገር ለደጋችን አዲስ ነገር አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ የተማሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ ስማቸው በሚጠራበት በምዕራቡ ወሎ ደጋ የሚገኘው ገዳም ዛሬም ይታወቃል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጻፉት «መጽሐፈ ምሥጢር» ከአርዮስ፣ ከሰባልዮስና ከንስጥሮስ ትምህርት ጋር ተከራክረዋል። እነዚህ ሰዎች በአገርም በዘመንም የራቁ ነበሩ። እሳቸው ግን የተከራከሩት የአገራቸው ተማሪ በሚያነበው በግእዝ ነው። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች በዳናና በጀማ ንጉሥም እንዲሁ፣ ከየአገሩ የመጡ ደረሶች የዐረብኛውን ኪታብ ሲማሩ ኖረዋል።

እንግዲህ ከዚህ ጥናት የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍነት የሚበቃው መለኪያ ከውጭ የሚመጣው የዕውቅና ወረቀት ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ልጅ በየትኛው ቋንቋ፣ በየትኛው ክፍያና በየትኛው መንገድ ሊገባበት ይችላል የሚለውም ጥያቄ ነው። ሳንታ ፋሚልያ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የጀመረው ከተመሠረተ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፤ እሱ የመንግሥት ነው። የግሎቹ ግን የሚበዙት ዛሬም በትልልቅ ከተሞች ናቸው። ስለ ዓለም አቀፍነታቸው በሚናገሩበት ጊዜ ሁሉ፣ ከዓባይ ገደል ማዶ ያለውን የደጋ ልጅ በየትኛው በር እንደሚቀበሉት ልንጠይቃቸው ይገባል። በዚህ አሳብ የማይስማማ ጓደኛ ወይም መምህር ቢኖር፣ መልሱን በዚሁ መጽሔት ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።