እያሳሳቀ የወሰደ ውሃ

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ልብ ወለድ ሰው አይገድልም» እል ነበር። ዛሬ የገደለ ልብ ወለድ ላጫውታችሁ። የተጻፈው በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት፣ ዎከርተን በምትባል አምስት ሺህ ያህል ነዋሪ ባላት ከተማ ነው። መጽሐፉ የውሃ ጉድጓድ የዕለት መዝገብ ነው።

የከተማዋን ውሃ የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። የሙያ ፈቃዳቸውን ያገኙት በልምዳቸው እንጂ ተፈትነው አልነበረም። መመሪያው ክሎሪን ውሃው ውስጥ ከገባ ከ15 ደቂቃ በኋላ በሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም እንዲቀር ያዝዝ ነበር። ይኼ በየቀኑ መለካት ነበረበት። እነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይለኩ «0.5» ወይም «0.75» እያሉ ይሞሉ ነበር። ሰው ለመጉዳት አስበው ነው? አይደለም። ነዋሪው «ክሎሪን ክሎሪን ይላል» እያለ ያማርራል፤ እነሱም ያንኑ ውሃ ይጠጣሉ። አደጋ ስላልደረሰ የሚደርስ አልመሰላቸውም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይኼኔ ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ከባድ ዝናብ ጣለ። ከአንዱ ጉድጓድ አቅራቢያ ካለ እርሻ፣ በከብት ፍግ ውስጥ የነበረ አደገኛ የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ጥልቀት ወደሌለው ጉድጓድ ሰረገ። ገበሬው ምንም እንዳላጠፋ በኋላ ተረጋግጧል። የግል ላቦራቶሪው ውሃው መበከሉን ለውሃው ኃላፊ፣ ለታላቅየው ወንድም ነገረው። ለጤና ቢሮ እንዲናገር ግን የሚያስገድደው ሕግ አልነበረም፤ መንግሥት በ1996 ምርመራውን ለግል ላቦራቶሪዎች ሲተው ያንን ግዴታ አላስከተለም። ሕዝቡ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲይዘው የጤና ሰዎች ደውለው ጠየቁ። ኃላፊው «ውሃው ደህና ነው» አላቸው። በግንቦት 21 ቀን የጤና ቢሮው በራሱ ውሳኔ «አፍልታችሁ ጠጡ» አለ። ዘግይቷል። 7 ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,300 በላይ ታመሙ።

ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ ዴኒስ ኦኮነር በ2002 ባወጡት ሪፖርት ወንድማማቾቹን ብቻ ወቅሰው አላለፉም። የበጀት ቅነሳውም፣ ተመልሶ ያልመጣው ቁጥጥርም ተወቀሰ። ክሎሪኑን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ቢተከል ኖሮ ጥፋቱን ይከላከል ነበር። በዚያው ዓመት ክፍለ ግዛቱ አዲስ የመጠጥ ውሃ ሕግ አወጣ። በ2004 ታላቅየው በአንድ ዓመት እስራት፣ ታናሽየው በዘጠኝ ወር የቤት ውስጥ እስር ተቀጡ።

እኔን የሚከነክነኝ መዝገቡ ነው። ዛሬ 0.5፣ ነገ 0.75፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ 0.5። ዝናብም በጋም የማይለውጠው ቁጥር! እንኳን መሐንዲስ፣ የቋንቋ መምህርም ቢያነበው «ይኼ ፈጠራ ነው» ይላል። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ግን ወደ ቦታው ሲሄዱ መዝገቡን አገላብጠው አልመረመሩትም።

ታዲያ ትንሽ የውሃ መስመር ባለበት ሁሉ፣ የእኛንም ትንንሽ ከተሞች ጨምሮ፣ «መዝገብ ይያዛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። መዝገቡን ማን ያነበዋል?