ድምሩ የማያሸንፍበት ጨዋታ

ፖርት ቤል ከካምፓላ መሃል ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከሉዚራ ሰፈር ግርጌ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለ ወደብ ነው። ስሙን ያገኘው ከ1906 እስከ 1909 ዩጋንዳን ካስተዳደረው እንግሊዛዊ ከሄስኬት ቤል ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሞምባሳ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1901 ኪሱሙ ላይ ሐይቁ ዳር ደርሶ ስለቆመ፣ ለካምፓላ የታሰበ ዕቃ ከዚያ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ፖርት ቤል ይራገፍ ነበር። ባቡር በየብስ ዞሮ ካምፓላ የገባው ገና በ1931 ነው። እስከዚያ ጨርቁም፣ መጽሐፉም፣ የቢሮ ወረቀቱም፣ የቅኝ ገዢዎቹ ክለቦች ራኬትና መረብም የመጣው በውሃ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከሳውዝሃምፕተን ወደ ደርባን የሚጓዙት የኢምፔሪያል ኤርዌይስ የውሃ ላይ አውሮፕላኖች ፖርት ቤል ማረፍ ጀመሩ። የለንደን ደብዳቤና ጋዜጣ ሳምንታት መፍጀቱ ቀርቶ በቀናት ውስጥ ይደርስ ጀመር።

ክለቦቹ በዘር የተከፋፈሉ ነበሩ። አውሮፓዊው በአንዱ፣ ህንዳዊው በሌላው ይጫወታል። አፍሪካዊው አብዛኛውን ጊዜ ሜዳው ውስጥ የሚገባው ኳስ ሊለቅም ወይም ሣር ሊያጭድ ነው።

በመርከብ ከተጫነው ዕቃ ጋር አንድ በዓይን የማይታይ ነገርም አብሮ ገብቷል፦ የጨዋታው ልክ። በካምፓላ ኮረብታዎች ላይ የተዘረጋው የቴኒስ መረብ መሃሉ ላይ 91 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሰርቭ ከመረቡ 6 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከተሰመረው መስመር ወዲህ ማረፍ አለበት። ከፖርት ቤል እስከ ሜልቦርን ያለ ሰው ሁሉ እነዚህን ልኮች እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብሎ ነው የሚጫወተው። የተገኙት ግን አንድ የለንደን ሐኪም የውጤት ወረቀቶችን ሰብስቦ ቁጭ ብሎ ስለቆጠረ ነው።

ሄንሪ ጆንስ በሙያው ሐኪም ይሁን እንጂ ስሙ የታወቀው በካርታ ጨዋታ ነበር። «ካቨንዲሽ» በሚል የብዕር ስም ስለ ዊስት ይጽፋል። ዊስት ደግሞ የወጡትን ካርታዎች እየቆጠረ ያልወጡትን ለሚያሰላ ሰው የተሠራ ጨዋታ ነው። በ1877 በዊምብልደን የሚገኘው ክለብ የመጀመሪያውን የቴኒስ ሻምፒዮና ሲያዘጋጅ፣ ጆንስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ደንቡን አረቀቀ፤ ውድድሩንም በዋና ዳኝነት መራ። 22 ሰዎች ተመዘገቡ። የፍጻሜውን ጨዋታ ለማየት 200 ያህል ተመልካች አንድ አንድ ሽልንግ ከፍሎ ገባ። ስፔንሰር ጎር ዊልያም ማርሻልን 6 ለ 1፣ 6 ለ 2፣ 6 ለ 4 ሲያሸንፍ የፈጀበት 48 ደቂቃ ብቻ ነው።

ሌላው ሰው ዋንጫውን አይቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ጆንስ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። በውድድሩ 601 ጌሞች ተካሂደዋል። ከእነዚህ 376ቱን ያሸነፈው ሰርቭ የመታው ሲሆን፣ ተቀባዩ ያሸነፈው 225 ብቻ ነው። ከመቶ ወደ 63 የሚጠጋው ለመቺው ሄዷል ማለት ነው። ያኔ ሰርቭ የሚመታው ከታች ወደ ላይ ወይም በትከሻ ከፍታ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ዛሬ እንደምናየው ከራስ በላይ ተወርውሮ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ አልነበረም። እንደዚያም ሆኖ ቁጥሩ ጆንስን አሳሰበው። በ1878 የሰርቩ መስመር ከመረቡ ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ከ92 ወደ 6 ሜትር ከ70 አጠረ። መረቡም መሃሉ ላይ ከ99 ወደ 91 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ መስመሩ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ተቀንሶ ዛሬ ያለበት ቦታ ተሰመረ።

የቴኒስ የቁጥር ትንተና ታሪክ ሲነሳ ብዙ ሰው በኮምፒዩተር ይጀምራል። ትክክለኛው መነሻ እነዚህ 601 ጌሞች ናቸው። ከዚያ በኋላ በተሠራው የትንተና ሥራ ሁሉ ውስጥም የጆንስን ያህል ውጤት ያመጣ ያለ አይመስልም፤ የእሱ ቆጠራ ሜዳውን ራሱን ለውጧልና።

ቁጥር ያልያዘውን ደግሞ ተጫዋቾች በእግራቸው ፈለጉት። ጎር በ1877 ያሸነፈው ሌሎቹ ከኋላ መስመር ኳስ ሲቀባበሉ እሱ ወደ መረቡ እየሮጠ፣ ኳሱ መሬት ሳይነካ በአየር ላይ እየመታ ነው። መረቡ ዳርና ዳሩ ላይ ከፍ ያለ ስለነበር በጎን አሳልፎ መምታት ይከብዳል፤ ጎር መሃሉን ዘግቶ ይቆማል። በማግስቱ ዓመት የገጠመው ፍራንክ ሃዶው ከሲሎን ለእረፍት የመጣ የቡና ተካይ ነበር። ሃዶው በጎን ማሳለፉን ትቶ ኳሱን ከጎር ራስ በላይ አሻግሮ ከኋላው መጣል ጀመረ። ጎር ወደፊት በሮጠ ቁጥር ወደኋላ መመለስ ሆነበት። ውጤቱ 7 ለ 5፣ 6 ለ 1፣ 9 ለ 7። ሃዶው በውድድሩ አንድም ዙር ሳይሸነፍ ዋንጫውን ወሰደ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ክብሩን ለመከላከል እንኳ አልተመለሰም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ጋዜጦች የታላላቅ ግጥሚያዎችን ነጥብ በሰንጠረዥ ማተም ለመዱ። ያልተነካ ሰርቭ ስንት፣ መረብ የነካ ስንት፣ ከመስመር የወጣ ስንት፣ ሁለት ጊዜ የከሸፈ ሰርቭ ስንት እያሉ። ይህን የሚመዘግበው ከሜዳው ዳር እርሳስ ይዞ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ዘዴው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ብዙም አልተለወጠም።

እዚህ ላይ ለሩጫ አገር አንባቢ መነገር ያለበት ነገር አለ። እኛ የለመድነው ድምር የሚፈርድበትን ስፖርት ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራስልስ ላይ 10 ሺህ ሜትሩን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጠ። ዩጋንዳዊው ጆሽዋ ቼፕቴጌይ በ2020 ቫሌንሲያ ላይ 26 ከ11.00 ገባና ክብረ ወሰኑ ከአዲስ አበባ ወደ ካምፓላ ተሻገረ። ከ25ቱ ዙር እያንዳንዱ ተደምሮ ወደ አንድ ሰዓት ይገባል፤ አንዷ ሰከንድ ከሌላዋ አትበልጥም። ቴኒስ ግን ነጥብን በጌም፣ ጌምን በዙር እየቋጠረ ይሄዳል። አንድን ዙር 6 ለ 0 ያሸነፈም፣ ለአንድ ሰዓት ታግሎ 7 ለ 6 የወሰደም የሚያገኘው አንድ ዙር ነው። ስለዚህ ብዙ ነጥብ ያገኘው ሰው ሊሸነፍ ይችላል፤ ይሸነፋልም። ታክቲክ የሚባለው ነገር ሁሉ ከዚህ ክፍተት ነው የሚበቅለው።

የ1975ቱ የዊምብልደን ፍጻሜ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጂሚ ኮነርስ 22 ዓመቱ ነበር፤ ፍጻሜው ላይ የደረሰው አንድም ዙር ሳይሸነፍ ነው። አርተር አሽ 32ኛ ልደቱ ሊከበር ቀናት ቀርተውታል፤ ቀደም ሲል በተገናኙባቸው ሦስት ጨዋታዎችም ኮነርስ አሸንፎታል። አቋማሪዎች ለአሽ ተስፋ አልሰጡትም። አሽ ኃይለኛ መቺ ነበር፤ ችግሩ ግን ኮነርስ ኃይልን ይወዳል። ፈጣን ኳስ ሲመጣለት ፍጥነቱን ተበድሮ የበለጠ አክሎ ይመልሰዋል። አሽና ጓደኞቹ ከጨዋታው በፊት ተቀምጠው ሲመክሩ የደረሱበት ሐሳብ አሽ በሕይወቱ ሲጫወት ከኖረው አጨዋወት ተቃራኒ ነበር፦ ኃይልን ማሳጣት።

ኮነርስ ግራኝ ነው፤ በባክሃንድ ሲመታ ሁለት እጁን ስለሚጠቀም ክንዱ ሩቅ አይደርስም። አሽ በቀኝ በኩል ቆሞ ሰርቩን እያጠማዘዘ ወደ ውጭ ሰደደው፤ ኮነርስ እየተንጠራራ ከሜዳው ወጣ፤ ሜዳው ባዶ ሆነ። ጨዋታው ሲቀጥል ደግሞ ለስላሳና ዝቅ ያለ ኳስ ወደ ፎርሃንዱ ሰጠው፤ ኮነርስ የሚበደረው ፍጥነት አጣ። ወደ መረብ ሲቀርብ ከራሱ በላይ ተሻገረበት፤ ሃዶው በጎር ላይ የሠራው ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች 6 ለ 1፣ 6 ለ 1 አለቁ። ኮነርስ ሦስተኛውን 7 ለ 5 ወሰደ፤ በአራተኛውም 3 ለ 0 መራ። አሽ ወደ ቀድሞ ኃይለኛ ምቱ የመመለስ ፈተና የገጠመው እዚህ ላይ ነበር። አልተመለሰም። 6 ለ 4 ጨርሶ ዊምብልደንን በነጠላ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆነ። 

ኮምፒዩተር ሜዳው ዳር የቀረበው ከዚያ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢል ጃኮብሰን ለዚሁ ሥራ የተሠራ የቁልፍ ሰሌዳ ያለው መሣሪያ አዘጋጀ፤ ዛሬ በየቴሌቪዥኑ የምንሰማው «ሳይገደድ የሠራው ስህተት» የሚለው አቆጣጠር የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው። ይህ ቁጥር ሁልጊዜ ያጠራጥራል። ስህተቱ ተገዶ ነው ወይስ ሳይገደድ የሚለውን የሚወስነው ቁልፉን የሚጫነው ሰው ነው። አሽ ያቀረበለትን ለስላሳ ኳስ መረብ ላይ የመታ ኮነርስ በወረቀት ላይ «ሳይገደድ» ተብሎ ይመዘገብ ነበር፤ ጨዋታውን ያየ ግን አሽ እንዳስገደደው ያውቃል። በ2001 እንግሊዝ ውስጥ የተፈለሰፈውና በካሜራዎች ኳሷን የሚከተለው ሆክ አይ በ2006 ወደ ቴኒስ ዳኝነት ሲገባ የኳሷን መንገድ በትክክል አሳየ፤ የመቺውን ጭንቀት ግን አያሳይም።

የጆንስ አሮጌ ስጋት ግን መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ተመለሰ። ሰርቭ በጣም ከበረታና ማንም የማንንም ጌም መስበር ካልቻለ ጨዋታው ማለቂያ ያጣል። በ1969 ዊምብልደን ላይ ፓንቾ ጎንዛሌዝና ቻርሊ ፓሳሬል 112 ጌም ተጫወቱ፤ የመጀመሪያው ዙር ብቻ 24 ለ 22 ነበር። በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ ውድድር፣ በ1971 ዊምብልደን፣ ዙሩ እኩል ሲሆን በጥቂት ነጥብ የሚያበቃውን ታይ ብሬክ ተቀበሉ። ዊምብልደን ግን የመጨረሻውን ዙር ነጻ ተወው።

ያ ነጻነት በ2010 ዋጋ አስከፈለ። ጆን ኢስነርና ኒኮላ ማዩ ሦስት ቀን በተከፋፈለ ግጥሚያ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ተጫወቱ፤ አምስተኛው ዙር 70 ለ 68 አለቀ። በተከታታይ 168 ጌሞች መቺው እያሸነፈ ሄደ። በ63 ከመቶ የደነገጠው ጆንስ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር? የሜዳው የውጤት ሰሌዳ 47 ለ 47 ላይ ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ በላይ እንዲቆጥር አልተሠራም። ማዩ 502 ነጥብ፣ ኢስነር 478 ነጥብ አገኙ። ያሸነፈው ኢስነር ነው።

በ2018 ኢስነር እንደገና በግማሽ ፍጻሜ ከደቡብ አፍሪካዊው ኬቨን አንደርሰን ጋር 6 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ቆየ፤ አምስተኛውን ዙር አንደርሰን 26 ለ 24 ወሰደ። ዊምብልደን በቃኝ ብሎ ከ2019 ጀምሮ በመጨረሻው ዙር 12 ለ 12 ላይ ታይ ብሬክ እንዲኖር ደነገገ። ደንቡ በወጣበት ዓመት ራሱ ፍጻሜው ያንኑ ቁጥር ደረሰ።

ሮጀር ፌደረር ኖቫክ ጆኮቪችን የገጠመበት ያ ጨዋታ ለቁጥር ሰው ራስ ምታት ነው። ፌደረር 218 ነጥብ፣ ጆኮቪች 204። በጌም ድምርም ፌደረር 36፣ ጆኮቪች 32። ያልተነካ ሰርቭ 25 ለ 10፤ ተቃዋሚ ሳይመልሰው ነጥብ ያስገኘ ምት 94 ለ 54፤ የሰርቭ ጌም መስበር 7 ለ 3። በእነዚህ ዓምዶች ሁሉ ፌደረር ይበልጣል። ሆኖም ዙሮቹ 7 ለ 6፣ 1 ለ 6፣ 7 ለ 6፣ 4 ለ 6፣ 13 ለ 12 ሆነው ጆኮቪች አሸነፈ። ሦስቱን ታይ ብሬኮች 7 ለ 5፣ 7 ለ 4፣ 7 ለ 3 ወስዷል፤ ሲደመር 21 ለ 12። እነዚህን 33 ነጥቦች ከጠቅላላው ብናወጣ የቀረው 206 ለ 183 ነው፤ ማለትም ፌደረር ከታይ ብሬክ ውጭ በ23 ነጥብ በልጦ በውስጡ በ9 ነጥብ ተበልጧል።

ይህን ዕድል ነው ማለት አይቻልም። ጆኮቪች በሦስቱ ታይ ብሬኮች ሳይገደድ የተሳሳተው አንድም ኳስ አልነበረም። ከመስመር ርቆ፣ ጥልቅ እየመታ፣ ፌደረር ልሙት ወይ ልግደል ብሎ እንዲደፍር ጠበቀ። ሁለተኛውን ዙር 6 ለ 1 ሲሸነፍ የሰጠው ነጥብ ሁሉ በድምሩ ላይ ለፌደረር ተጨመረ፤ ያስከፈለው ግን አንድ ዙር ብቻ ነው። ፌደረር ራሱ በ2024 ለዳርትመዝ ኮሌጅ ተመራቂዎች ሲናገር፣ ከተጫወታቸው 1,526 የነጠላ ግጥሚያዎች 80 ከመቶ ያህሉን ቢያሸንፍም በነጥብ ደረጃ ያሸነፈው 54 ከመቶውን ብቻ እንደሆነ ጠቅሷል።

በ2022 አራቱም ታላላቅ ውድድሮች አንድ ሆነው የመጨረሻው ዙር 6 ለ 6 ሲደርስ በ10 ነጥብ ታይ ብሬክ እንዲያልቅ ተስማሙ። በዚህ ደንብ ቢሆን ኖሮ የ2019ኙ አምስተኛ ዙር 6 ለ 6 ላይ ይቋረጥ ነበር፤ ፌደረር በራሱ ሰርቭ 8 ለ 7 እና 40 ለ 15 እየመራ ያመለጡት ሁለት የሻምፒዮና ነጥቦችም ከነጭራሹ አይኖሩም ነበር።