ከዱር ለተመለሰ ሰው ጠመንጃ

በኢትዮጵያ የአስተዳደር ታሪክ ገዢዎችንና ዳኞችን ደጋግሞ ካስጨነቁት ጉዳዮች አንዱ የሽፍታ ምሕረት ነው። ነፍስ አጥፍቶ ወይም መንገደኛ ዘርፎ ዱር የገባ ሰው በምሕረት ሲጠራ ነፃነቱ ብቻ ይመለስለት፣ ወይስ መሣሪያውም አብሮ ይፈቀድለት? የዛሬው ሕግ ጥያቄውን ለሁለት ከፍሎ ይመለከተዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከሆነም 20 ዓመት የፈጸመ እስረኛ ጠባዩ ተመርምሮ በአመክሮ ሊለቀቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የጦር መሣሪያ ፈቃድ ግን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ሌላ ነገር ነው። በቀድሞው ልማድ ሁለቱ አንድ ነበሩ። ሽፍታው ብዙ ጊዜ የሚገባው ጠመንጃውን እንደ ታጠቀ ሲሆን፣ ጉልበቱ የከበደ እንደ ሆነም ሹመት ይጨመርለት ነበር።

ሽፍታ ሲባል ሁልጊዜ ወንበዴ ማለት እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ርስቱን የተነጠቀ፣ ደም የተቃባ፣ የአባቱን ሹመት የተነፈገ የመኳንንት ልጅ ሁሉ ይሸፍት ነበር። ሕዝቡም አንዱን ከሌላው ለይቶ ያውቃል። (እቃውና በቅሎው የተወሰደበት ነጋዴ ግን ይህን ልዩነት ለመመርመር ፋታ አልነበረውም።) ገዢዎቹ ወደ ምሕረት የሚያዘነብሉበትም ምክንያት የልብ ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። ሽፍታ ለማሳደድ የሚዘምት ሠራዊት ስንቁን የሚያገኘው ከገበሬው ስለ ነበር፣ አንዳንድ ጊዜ አሳዳጁ ከተሳዳጁ ይልቅ አገር ያጠፋ ነበር። ሽፍታውን ጠርቶ ያንኑ መንገድና በር እንዲጠብቅ ማድረግ ርካሽ መስሎ ይታያል።

የዚህ ልማድ ጐልቶ የሚታይ ምሳሌ የቋራው ካሳ ኃይሉ ነው። ካሳ በቆላው ሸፍቶ፣ ተከታይ አበራክቶ፣ ጎንደርን በያዙት በእቴጌ መነንና በልጃቸው በራስ ዓሊ ዘንድ በመሣሪያ የማይገፋ ሆኖ በተገኘ ጊዜ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን በጋብቻ ሰጥተው አስገቡት። በቤተ መንግሥቱ ግን የኮሶ ሻጭ ልጅ እየተባለ ይናቅ ስለ ነበር ተመልሶ ሸፈተ። እቴጌይቱ የላኩት ደጃዝማች ወንድይራድም የኮሶ ሻጩን ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ በወጣበት ጦር ራሱ ተማርኮ ኮሶ እንዲጠጣ መደረጉ ይነገራል። በ1839 ዓ.ም. ካሳ እቴጌ መነንን ራሳቸውን ማረከ። እርሳቸውን ለማስለቀቅ ራስ ዓሊ በወንበዴነት ሲያሳድዱት ለነበረው ሰው ደጃዝማችነትን ሰጡት።

እንግዲህ ይህ ምሕረት ነው ወይስ ቤዛ? ስሙ ምሕረት ይሁን እንጂ የሰጪው ፈቃድ በውስጡ አልነበረም፤ ስለዚህም ሊጸና አልቻለም። ደጃዝማች ካሳ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል አደረገ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ከዱር የወጣው ንጉሥ በዱር ላሉት ያደረገው ደግሞ የሚያስገርም ነው። እያንዳንዱ ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ የሚል አዋጅ ባስነገረ ጊዜ፣ አባቶቻችን ዘራፊዎች ነበሩና ሥራችን ይጽናልን የሚሉ ታጣቂዎች ከፊቱ ቀረቡ ይባላል። በሬና ሞፈር ልስጣችሁ ቢላቸው እንቢ አሉ፤ ሲመለሱም ፈረሰኞቹን ልኮ አስፈጃቸው። ወሬው በቃል ሲተላለፍ ብዙ ተጨምሮበት ይሆናል። ዋናው ነገር ግን ቴዎድሮስ ሕይወትንና እርሻን ሲሰጥ ጦርና ጋሻን አለመስጠቱ ነው። ይኸውም ሁለቱን ጥያቄዎች ለይቶ ማየት ሲሆን፣ እርሱን ያስገቡት ሰዎች ያላደረጉት ነው። መልሱ ጭካኔ መሆኑ ጥያቄውን ከንቱ አያደርገውም።

የፋሺስት ወረራ ጉዳዩን ገለባበጠው። በአምስቱ ዓመት ሽፍታና አርበኛ የሚሉት ስሞች በአንድ ሰው ላይ ተደራረቡ፤ የዱር ኑሮ የሚያውቅና ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ለአገር የሚፈለግ ሆነ። የጎጃሙ በላይ ዘለቀ ከነፃነት በኋላ ደጃዝማችነትና የብቸና ግዛት ቢሰጠውም፣ የተሰጠው ከድካሙ ጋር አልተመዛዘነለትም፤ ከመንግሥት ጋርም ተጣላ። ሞት ተፈርዶበት ቅጣቱ ከተቀነሰለት በኋላ ከእስር አምልጦ ተያዘ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ። በካሳም በበላይም ነገር ክፉውን ያመጣው ጠመንጃው ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ሁለቱም ከጠመንጃው ጋር ንቀት ተጨምሮ ነበር የተሰጣቸው። ሆኖም ቂሙ ያለ ጠመንጃ ቢሆን ኖሮ ከአቤቱታ ባላለፈ ነበር።

ኤርትራ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ሳለች ደግሞ የሽፍቶች ነገር ከፖለቲካ ጋር ተሳሰረ። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በኅዳር 1943 ዓ.ም. ስለ ፌዴሬሽን ከወሰነ በኋላ፣ በዚያው ዓመት አስተዳደሩ ጠቅላላ ምሕረት አወጀ። ብዙዎች ገቡ። በዚህ ጊዜ ምሕረቱን ተቀብለው ወደ እርሻቸው ከተመለሱት መካከል በምዕራብ ቆላ ሸፍቶ የነበረው ሐሚድ ኢድሪስ ዓዋተ ይገኝበታል። ለዓመታትም በመንደሩ በሰላም ተቀመጠ። በነሐሴ 26 ቀን 1953 ዓ.ም. ግን ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር አዳል በተባለው ተራራ ላይ ተኩስ ከፈተ። በእጃቸው የነበሩት ጥቂት ያረጁ የጣሊያን ጠመንጃዎች ነበሩ።